ሰው ያለበት ቤት

ዲያቆን ሉሺየስ ቶሊቨር መኪናቸውን ከቤታቸው ሁለት መንገድ አርቀው ማቆም ከጀመሩ ሰንብተዋል። ያን ዕለት ጠዋትም እንደ ልማዳቸው አቁመው፣ ጎመንና በጭስ የደረቀ የተርኪ ሥጋ የያዘውን ፌስታል አንጠልጥለው፣ የካፖርታቸውን ኮሌታ እስከ ጆሯቸው ስበው በጓሮ መንገድ ሹልክ ሊሉ ሲሉ፣ "ዲያቆን!" የሚል ድምፅ ከበስተኋላቸው መጣ። ዲያቆን ባሉበት ደረቁ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ እንኳ እንደዚያ አይደነግጥም።

ዞር ሲሉ ዜኖቢያ ፔቲግሩ ናት፤ የበረዶ አካፋ ይዛ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከመጽሐፉ ሁሉ አጭሩን ጥቅስ መርጣ፣ በየሳምንቱ ያንኑ እየደገመች መከራቸውን ያበላቻቸው እሷ ነበረች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ቤታቸውን ሊያጡ የተቃረቡ ሰዎችን በነፃ የሚያማክር አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ዲያቆን ቶሊቨር ይህን ያውቁ ነበርና ከከተማው ሰው ሁሉ ሊያገኟት የማይፈልጉት እሷን ነበር።

"እንደምን አደሩ ዲያቆን?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። እናትሽ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። መኪናዎ እኛ ደጅ ማደር ከጀመረ ወዲህ ግን 'ዲያቆን ከባለቤታቸው ከሚስ ኦዴሳ ጋር ተጣልተው ይሆን?' እያለች ስትጸልይላችሁ ከረመች።"

"የምን መጣላት! እኛ መንገድ ላይ በረዶ ጠራጊው መኪና አይመጣም። ለዚያ ነው።"

"በረዶ ጠራጊውማ የሚመጣው በእናንተ በኩል ነው። እኛ ጋ ቢመጣ ኖሮ እኔን በዚህ ብርድ ምን አካፋ ያስይዘኛል?"

ዲያቆን ኮሌታቸውን እንደገና አስተካከሉ። ሰው ውሸት ሳይለምድበት ሲዋሽ እንዲህ ነው፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አያሻግረውም። እሳቸው ደግሞ በአሜሪካዋ ከተማ በክሊቭላንድ ባፕቲስቶች ዘንድ የተከበሩ ሰው ናቸው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆንነት የልጅ ሥራ አይደለም፤ ሽበት ያበቀለ፣ የምጽዋቱን ሣጥን ቢያስረክቡት የማያሳስብ ሰው ነው የሚሾመው። እንዲህ ያለ ሰው በጠዋት ሲዋሽ መገኘቱ ራሳቸውን አበሳጫቸውና "በይ ደኅና ዋይ" ብለው መንገዳቸውን ያዙ። ዜኖቢያ ግን አካፋዋን አጥሩ ላይ አስደግፋ ተከተለቻቸው፤ ፌስታሉንም ከእጃቸው ተቀበለች።

ከከተማዋ ዳር ካለው ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ ፊት ይልጣል። ዲያቆን ሁለት እርምጃ ሄደው ወደ ኋላ ያያሉ፤ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይቆማሉ። አንዲት ነጭ መኪና በመንገዱ አፍ በኩል ቀስ ብላ ስታልፍማ የልጅቱን ክንድ ይዘው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ጎተቷት።

"ዲያቆን፣ ከማን ነው የሚደበቁት?"

"ማን ተደበቀ?"

"ታዲያ ከቆሻሻ ገንዳ ጋር ተቃቅፈን ምን እናደርጋለን?"

ሽማግሌው መንገዱን ግራ ቀኝ አዩ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙት ነገር አፋቸው ላይ መጣ። "ለማንም እንዳትተነፍሺ" አሉ። "ቤታችንን ሊወስዱብን ነው።"

"ማነው የሚወስደው?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ! ለቤቱ መግዣ ያበደረኝ ባንክ ብድሩን ለሌላ ሸጠ። የገዛው ደግሞ ገንዘቡን የሚሰበስብ፣ ነገሩን የሚያስተዳድር ኩባንያ ቀጠረ። ስደውል አንዷ ቴክሳስ ነኝ ትለኛለች፣ በማግሥቱ ሌላው ፍሎሪዳ ነኝ ይለኛል። የአንዳቸውን ፊት አይቼ አላውቅም። ፊቱን የማላውቀው ሰው ነው ከቤቴ የሚያስወጣኝ።"

"ደውለው ነበር ማለት ነው?"

"አልደወልኩም መሰለሽ?" አሉ ቱግ ብለው። "የምሠራበት ፋብሪካ ፈረቃ የቀነሰ ዕለት ነው የደወልኩት! 'ደመወዜ ሊቀንስ ነው፣ ሳልወድቅ ደግፉኝ' አልኩ። ልጅቷ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ጌታዬ፣ እርስዎ በሰዓቱ እየከፈሉ ስለሆነ ልንረዳዎ አንችልም፤ የምንረዳው የዘገየ ሰው ነው።' እሺ ብዬ ዘገየሁ። ስዘገይ ደግሞ 'ለምን ዘገዩ?' ብለው ተቆጡኝ። የደመወዝ ወረቀት ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። አልደረሰም አሉኝ፣ ደገምኩ። ደርሷል ግን ጊዜው አልፎበታል አሉኝ። ጊዜ ያለፈበት እነሱ ጋ ተቀምጦ እኮ ነው!"

ዜኖቢያ ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌው ሲያፈጡባት አፏን በጓንቷ ያዘች።

"ይቅርታ ዲያቆን፤ የሳቅኩት ስለማውቀው ነው። ያቺ የስልኳ ልጅ እኔ ልሆን እችል ነበር። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጥ ስልክ ሳነሳ ነው የኖርኩት።"

"አንቺ? ከእነዚያ ጋር?"

"ከእነዚያ ጋር። የስልኩ ክፍል ሌላ ነው፣ ወረቀት የሚቀበለው ሌላ ፎቅ ነው፣ የሚከሰው ጠበቃ ሌላ ከተማ ነው። አንዱ አንዱን አይጠይቅም። እኔ 'አይዞዎት፣ ጉዳይዎ እየታየ ነው' እያልኩ ሳጽናና፣ በዚያው ሰዓት ጠበቃው ያንኑ ሰው ይከሳል። እየዋሸሁ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈልኝ እሱ ነው። የሚያለቅስ ሰው ሲያጋጥመኝ ጥቂት ዝም እንድል፣ ከዚያ 'ሌላ የምረዳዎ ነገር አለ?' እንድል ታዝዤ ነበር።"

"ይኸው!" አሉ ዲያቆን እጃቸውን አጨብጭበው፤ በዚህ ሁሉ ጭንቅ መካከል ክርክር ማሸነፍ ደስ አላቸው። "በገዛ አፍሽ ተናገርሽው! ታዲያ ከእነዚህ ጋር ምን ንግግር አለ? ለዚህ ነው እኔ የራሴን ዘዴ የያዝኩት።"

"ምን ዓይነት ዘዴ?"

"የሌለሁ መምሰል።"

ዲያቆን ዘዴያቸውን ሲያስረዱ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። አላባማ ግዛት እያሉ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ አልጋና ቁም ሣጥን በዱቤ የሸጠላቸው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ለመሰብሰብ ይመጣ ነበር። አባታቸው ገንዘብ ባጡበት ሳምንት "ተኙ!" ይሉና ቤተሰቡ በሙሉ ወለሉ ላይ ይለጠፋል። ሰውየው ደጁን ደብድቦ ደብድቦ ይሄዳል። አባትየው ተነሥተው አቧራቸውን ያራግፉና "አንድ ሳምንት ገዛን" ይላሉ።

"ያላገኘሽውን ሰው ምንም ልታደርጊው አትችዪም" አሉ ዲያቆን። "አባቴ በዚህ ዘዴ ሰባት ልጅ አሳድጓል። እኔም ይኸው መኪናዬን አርቃለሁ። መጋረጃውን ዘግቻለሁ። መብራት አናበራም፤ ኦዴሳና እኔ ከመሬት በታች ባለው ምድር ቤት ነው የምንውለው የምናድረው። ነጭ መኪና የያዘው ሰውዬ ሲመጣ ትንፋሻችንን ዋጥ እናደርጋለን፣ ፎቶውን አንሥቶ ይሄዳል። እንደ አሞኘነው ነው!"

ዜኖቢያ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"የፊት ለፊቱን በረዶስ ይጠርጋሉ?"

"ምን ቆርጦኝ! ዱካ እንዲያይ?"

"ፖስታውስ?"

"ከሣጥኑ አላነሳውም። ሰው እንዳለ ያስታውቃላ!"

"እግዚኦ! እግዚኦ ዲያቆን! ምን ጉድ ነው የሠሩት?"

"ምን ሠራሁ?"

"ያ ሰውዬ እኮ ገንዘብ ሊሰበስብ አይደለም የሚመጣው። ኩባንያው በየቤቱ ሒሳብ እየከፈለ የሚልከው ነው። ከመኪናው እንኳ አይወርድም። የተላከው 'ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ወይስ የለም?' የሚለውን አይቶ እንዲጽፍ ነው። የአባትዎ ባለዱቤ የሚፈልገው እርስዎን ነበር፤ እርስዎ ከሌሉ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይኼኛው የሚፈልገው አለመኖርዎን ነው! በረዶው ዱካ የለበትም፣ ፖስታው ተቆልሏል፣ መኪና የለም፣ መብራት የለም። ምን ብሎ የሚጽፍ ይመስልዎታል?"

ሽማግሌው ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አዩ።

"'ባዶ' ብሎ ነው የሚጽፈው" አለች። "ቤቱ ባዶ ከተባለ ደግሞ ኩባንያው 'እንዳይበላሽ ልጠብቀው' ብሎ ቁልፍ ያስቀይራል። ውሃውን ይዘጋል። ዳኛው ፊትም 'ባለቤቱ ጥሎት ሄዷል' ይባላል። የሚያዝኑለት ሰው ካልተገኘ ሐራጁም ይፈጥናል።"

"ሕግ የለም እንዴ? ቤቴ እኮ ነው!"

"ቤትዎ ነው። እስኪሸጥ ድረስ ያለ ጥርጥር የእርስዎ ነው። ግን ማን ይመስክርልዎ? የለሁም እያሉ የከረሙት እርስዎ አይደሉ?"

ዲያቆን ቶሊቨርን በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው እንዲህ አፋጥጧቸው አያውቅም። መቆጣትም ፈለጉ፣ መቀመጥም ፈለጉ። ሁለቱንም ትተው መራመድ ጀመሩ፤ ፍጥነታቸው ጨምሯል፣ ልጅቱም ቁና ቁና እየተነፈሰች ተከተለች።

"እሺ፣ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?" አሉ ሳይዞሩ።

"የፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶዎታል?"

"ደርሶኛል። አልከፈትኩትም።"

"ይክፈቱት። ቀኑ ሳያልፍ መልስ ይስጡ። መልስ ሲሰጡ ደግሞ 'ከኩባንያው ጋር አስማሙን' ብለው ይጠይቁ፤ ፍርድ ቤቱ ለዚሁ የመደባቸው አስታራቂዎች አሉት። ያን ጊዜ ኩባንያው ስልክ አንሺ አይልክብዎትም፤ እሺም እምቢም ማለት የሚችል ሰው አምጥቶ ፊት ለፊትዎ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ወረቀቱን እኔ አብሬዎት አዘጋጃለሁ፤ 'አልደረሰም' የሚሉትም ያኔ በአስታራቂው ፊት ነው።"

"ፍርድ ቤት ቆሜ ችግሬን ልዘርዝር? ሰው ምን ይለኛል?"

"ምን ይልዎታል?"

"ዲያቆን ነኝ ዜኖቢያ!" ድንገት ዞሩባት። "ባለፈው ዓመት ወንድም ኔልሰን ቤቱን ሲያጣ፣ በእሑድ ትምህርት ስለ ቁጠባ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ እየሰማኝ! ዛሬ በየትኛው ፊቴ ነው የምቆመው? እዚያ ከምቆም ምድር ቤት ብሞት ይሻለኛል።"

ልጅቱ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ ያማከረቻቸው ሰዎች ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ያንኑ ብለዋት ነበርና። ገንዘብ ያጣ ሰው ገንዘብ ይፈልጋል እንጂ አይደበቅም። ሰውን የሚያስደብቀው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ያለበት ሰው መጀመሪያ መጥሪያውን መክፈት ያቆማል፣ ቀጥሎ ስልኩን ማንሣት ያቆማል፣ ከዚያ ከጎረቤቱ ዓይን ይሸሻል፤ በመጨረሻም ጠላቱ የሚፈልገውን ሁሉ በገዛ እጁ ሠርቶለት ያርፋል። ኩባንያዎቹ ይህን ተንኮል አስበው አልፈጠሩትም። ግን ካገኙት አይመልሱትም።

"አስብበታለሁ" አሉ ዲያቆን።

"አስብበታለሁ" ማለት በእሳቸው ቋንቋ "እምቢ" ማለት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል። ዜኖቢያም ታውቅ ነበር፤ አፏን ልትከፍት ስትል ግን ከወደ ፊት ለፊት መሰርሰሪያ ሲጮህ ተሰማ። ብረት እየበሳ ነው።

ሁለቱም ከዲያቆን ቤት ማዶ በምትኖረው ጎረቤት፣ በሚስ አርኔታ ጋራዥ ጥግ አንገታቸውን አሰገጉ። የዲያቆን ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ፒክ አፕ ቆሟል። ቀይ ጢም ያለው ጎልማሳ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ የፊት ለፊቱን በር ቁልፍ እየሰረሰረ ያወጣል፤ አዲሱ ቁልፍ ከነሣጥኑ አጠገቡ ተቀምጧል።

ዲያቆን ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሰው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። "ይሄዳል" አሉ በሹክሹክታ። "ዝም ካልነው ይሄዳል።"

"ዲያቆን፣ ቁልፍ እየቀየረ ነው!"

"ይቀይረው! በጓሮ በኩል እገባለሁ። አሁን ብወጣ መንገዱ ሁሉ ያየኛል፤ አርኔታ መስኮቷ ላይ ናት።"

"የጓሮውንም ነው የሚቀይረው! ሚስ ኦዴሳ የት ናት?"

"ምድር ቤት።" ቃሉን ከተናገሩ በኋላ ነበር የሰሙት። ዓይናቸው ፈጠጠ። "ኦዴሳዬ!" አሉና ሮጡ።

ጉልበታቸው የታመመ ሰው ናቸው። ቢሆንም በዚያ በረዶ ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ በመንገዱ መሐል፣ ባርኔጣቸው ወድቆ ራሰ በራቸው እያበራ ሮጡ። "ቁም! አቁም! ሰው አለበት!"

ባለ ቀይ ጢሙ መሰርሰሪያውን አጥፍቶ ቀና አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠዋት የተነሣ፣ ብርድ ያንዘፈዘፈው ሰው ነበር።

"ጌታዬ፣ እዚህ ማንም አይኖርም" አለ በትሕትና። "የታዘዝኩበት ወረቀት ባዶ ነው ይላል። ደጋግመው አይተውታል፣ ሁሌም ባዶ ነው።"

"እኔ ነኝ የምኖርበት! ይኸው መንጃ ፈቃዴ!"

"አየሁት፣ አድራሻው ይኸው ነው። ግን ጥለው የሄዱትም ሁሉ መንጃ ፈቃዳቸው ላይ የድሮ አድራሻቸው ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት አንዱ እንዲህ ብሎኝ አምኜው፣ ለካ ምድጃውን ነቅሎ ሊወስድ ነው የመጣው። እኔ ነኝ የተቀጣሁት። ሌላ ሰው አለ ውስጥ?"

"ባለቤቴ አለች! ኦዴሳ! ኦዴሳ፣ ውጪ!"

ቤቱ ጭጭ አለ።

"ኦዴሳ!" በሩን በቡጢ ደበደቡት። "እኔ ነኝ፣ ሉሺየስ!"

አሁንም ዝም። ዲያቆን ፊታቸው አመድ መሰለ። ራሳቸው ነበሩ ያዘዟት፤ "ማንም ቢጠራሽ፣ በእኔ ድምፅ እንኳ ቢጠራሽ፣ እንዳትወጪ" ብለው ነበር። ኦዴሳ ደግሞ በትዳር ዘመኗ ይህን አንድ ትእዛዝ ብቻ ሳትከራከር የፈጸመች ሴት ናት፤ እሱንም ያን ዕለት ፈጸመችው።

ባለ ቀይ ጢሙ በሐዘኔታ አያቸው። ለማያውቃቸው ሰው ባዶ ቤት ደጅ ቆመው የሚጮኹ፣ ባርኔጣ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። መሰርሰሪያውን መልሶ አነሣ።

ዲያቆን ቶሊቨር ዞር ሲሉ መንገዱ ሞልቷል። ሚስ አርኔታ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች፣ በቤት ልብሷ፣ በረንዳዋ ላይ ወጥታለች። ከሷ ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስት ወጥተዋል። ከዚያም ማዶ መጋረጃዎች ተገልጠዋል። ክረምቱን ሙሉ የሸሹት ዓይን ሁሉ አሁን እሳቸው ላይ ነው። ዜኖቢያ አጠገባቸው ደርሳለች።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም በእሑዱ ድምፃቸው፣ ማይክሮፎን የማያስፈልገው ያ ድምፃቸው፣ ወደ መንገዱ ተናገሩ።

"ስሙኝ! እዚህ ነው የምኖረው! ደመወዜ ቀንሶ መክፈል አቅቶኝ ዘግይቻለሁ፣ ተከስሻለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ከእናንተ ስደበቅ ነው የከረምኩት! ግን እዚህ ነው የምኖረው! ንገሩልኝ!"

"ይህን ለመናገር ነው ይህን ያህል የቆየኸው?" አለች ሚስ አርኔታ ከማዶ። በቤት ጫማዋ በረዶውን እየረገጠች ተሻገረችና ጣቷን ባለ ቀይ ጢሙ አፍንጫ ሥር ቀሰረች። "ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እኔ ወደዚህ መንገድ ሳልመጣ በፊት ጀምሮ እዚህ ነበረ። ምድር ቤት እንደሚኖሩማ ማን የማያውቅ አለ? ኦዴሳ ጎመን ስትቀቅል ሽታው እኛ ድረስ ይመጣ የለ! ባዶ ቤት ጎመን ይቀቅላል?"

"ታውቁ ነበር?" አሉ ዲያቆን።

"እንዳታፍሩ ብለን ዝም አልን።"

"እናንተ እንዳላፍር ዝም አላችሁ፤ እኔ አፍሬ ዝም አልኩ" አሉ ዲያቆን፤ ሳቅም ልቅሶም በማይሉት ድምፅ። "በዝምታ እኮ ቤቴን ሊያስረክቡኝ ነበር!"

ባለ ቀይ ጢሙ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ማንም አላነሣም፤ ዘፈን ብቻ ያሰሙታል። ዜኖቢያ ስልኩን ተቀበለችው። ዘፈኑን ጠበቀች፣ አንዷን ጠበቀች፣ ሌላውን ጠበቀች፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ሲገኝ፣ በኩባንያዎቹ ቤት የሚነገረውን ቋንቋ ታውቀዋለችና፣ የሰውየውን ስም ጠይቃ፣ "ቤቱ ሰው ያለበት ነው፣ ባለቤቱ ደጁ ላይ ቆሟል፣ ያዘዛችሁት ሠራተኛም አይቶታል፣ አሁን እየሰማሁህ ጻፈው" አለችው። እስኪጽፈው ድረስም ስልኩን አልዘጋችም። ባለ ቀይ ጢሙ አዲሱን ቁልፍ ገጥሞ መክፈቻውን ለዲያቆን አስረከበና "ይቅርታ ጌታዬ" ብሎ ሄደ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው በሩ ቀስ ብሎ የተከፈተው። ኦዴሳ ቶሊቨር መጥበሻ በሁለት እጇ ይዛ ብቅ አለች።

"ሉሺየስ፣ አንተ ራስህ ነህ ወይስ ድምፅህ ብቻ ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ስማ" አለች መጥበሻውን ሳታወርድ። "እኔ ከዛሬ ጀምሮ እላይ ነው የምኖረው። አንተ ከፈለግህ እዚያው እታች መደበቅ ትችላለህ።"

ዲያቆን በዚያው ዕለት መጥሪያውን ከፈቱ። መልስ ሰጡ፣ አስታራቂ ጠየቁ፣ ወረቀታቸውን ዜኖቢያ ቢሮ ተቀምጠው አዘጋጁ። ቀኑ ሲደርስ ከኩባንያው የመጣችው ሴት የለበሰችው ሰማያዊ ሹራብ ነበር፤ ዲያቆን ፊቷን አይተው ሊጠግቡ አልቻሉም። "ወረቀቱ አልደረሰንም" ስትል፣ አስታራቂው "እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አሁን ይድረስዎ" አላት። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ ዲያቆን ተቆጥተው ብድግ አሉ፣ ኦዴሳ ኮታቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። በመጨረሻ ያልተከፈለው ወደ ብድሩ መጨረሻ ተገፋ፣ የወሩም ክፍያ የሚችሉትን ያህል ሆነ፤ ክሱም ተነሣ። ኦዴሳ ብድሩ ተከፍሎ የሚያልቅበትን ዓመት ስትሰማ "እንግዲህ ከዚያ በፊት መሞት የለም ማለት ነው" አለች፤ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችውም ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ምእመናን ስለ ተደረገላቸው ነገር የሚመሰክሩበት ሰዓት ሲደርስ ዲያቆን ቶሊቨር ተነሡ። ሰው ሁሉ የተለመደውን ምስክርነታቸውን ጠብቆ "አሜን" ለማለት ተዘጋጀ።

"ባለፈው ዓመት ስለ ቁጠባ አስተምሬ ነበር" አሉ። "ወንድም ኔልሰን፣ በዚያ ቀን የተናገርኩት ላንተ ነበር፣ አንተም አውቀኸዋል። በሁሉ ሰው ፊት የተናገርኩትን በሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ያኔ ቤትህን ሲወስዱብህ 'ምን ልርዳህ?' አላልኩም፤ 'ምን አባከነ?' ነው ያልኩት።" ወንድም ኔልሰን አንገቱን እንደ ደፋ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

"እኔም ላጣው ነበር። ሳልከፍል ስለ ዘገየሁ ብቻ አይደለም፤ ስለ ተደበቅሁ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ትክክል ነው አልልም። ያደናግራሉ፣ ያመላልሳሉ፣ የያዙትን ወረቀት አልያዝንም ይላሉ። ግን ከቤቱ ያልጠፋ፣ ለፍርድ ቤት መልስ የሰጠ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይዞ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሲያጋጥማቸው እንደ ባዶ ቤት አይጫወቱበትም። ይህች ልጅ ነች ያስተማረችኝ። ሁሉም ቤቱን አያተርፍም ብላኛለች፤ አልዋሸችኝም። የማያተርፈውም ቢሆን ራሱ ሸጦት፣ ልጆቹን ትምህርት ሳያስቋርጥ፣ አንገቱን ሳይደፋ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። የሚደበቅ ሰው ግን ይህንንም አያገኝም። ስለዚህ እዚህ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ነገሩ ገና ሲጀምር፣ ገና ሲሸተው፣ ይናገር። ዜኖቢያ ከአገልግሎት በኋላ እታች አዳራሽ ውስጥ ትቀመጣለች። እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ።"

ማንም "አሜን" አላለም። ኦርጋን ተጫዋቹ እንኳ ምን እንደሚጫወት ጠፋው። ዲያቆን የተናገሩት ነገር ከንቱ የቀረ መስሏቸው ቅር እንዳላቸው ተቀመጡ።

ከአገልግሎት በኋላ ግን ወደ አዳራሹ ሲወርዱ፣ በአገልግሎት ሰዓት ነጭ ጓንት አድርጋ ምእመናንን ወንበር የምታስይዘው አስተናጋጅ በሩ ላይ ቆማ አገኟት። ከኋላዋ ከዘማሪዎቹ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከዚያም አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው። ዜኖቢያ ወንበር አልበቃ ብሏት የልጆቹን አግዳሚ ወንበር ትጎትታለች። ከሁሉም በኋላ፣ ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነቡ መስለው የቆሙት ፓስተሩ ነበሩ።

ሰው ሲቀልል ፓስተሩ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና በዲያቆን ጆሮ "እኔም እንኳ አንድ ነገር... ለብቻችን ብንሆን..." አሉ።

ዲያቆን ቶሊቨር ወንበር ስበው አስቀመጧቸው።

"ጮክ ብለው ይናገሩ ፓስተር" አሉ። "እኛ ለብቻችን ስንሆን ነው የሚወስዱብን።"